የቆሮሶዋ መንጋጋ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጆሮዬ ውሃ ይሰማል። ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ልብስ እያሰጣሁ፣ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ከሩቅ የሚፈስ ውሃ ይሰማኛል። ባሌ ገመቹ መጀመሪያ ላይ ቧንቧ የፈነዳ እየመሰለው ጓሮ ድረስ ወጥቶ ያይ ነበር። አሁን ለምዶታል። «ዓሦችሽ ናቸው፤ ተያቸው» ይለኛል።

የተሸኘሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፣ ፔርሙዝ ሰጡኝ። ትናንት የተቀጠረ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ «እማማ አስቴር ዕድሜያቸውን ሙሉ ለዓሣ ሀብት ልማት ያበረከቱ…» ሲል ሳቄ መጣ። እማማ! ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ባያደርጉብኝ መልሱን እዚያው እሰጠው ነበር። ደግሞስ የምን የዓሣ ሀብት ልማት ነው? ዕድሜዬን የፈጀሁት በአንዲት ቅንጣት አጥንት ላይ ነው፤ ገና ከእንቁላል በወጣ ጫጩት ዓሣ የታች መንጋጋ ላይ። ይህን ብናገር አዳራሹ «አሮጊቷ መቀባጠር ጀመረች» ይለኝ ነበርና አጨብጭቤ ተቀመጥኩ።

ሥራ የጀመርኩት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። ዓሣ እመዝናለሁ፣ ቅርፊት እፍቃለሁ፣ ሆድ ቀድጄ ምን እንደበላ አያለሁ። ለዓመት በዓል ወደ ቤተሰቤ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም፤ በአንድ ቲኬት ሁለት ወንበር ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ገበሬው ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ እንዲያረባ አስተምሪ ተብዬ ሱሉልታ ተላክሁ። የዚያን ጊዜ አለቃዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ውሃ ይፈራ ነበር። የዓሣ ባለሙያ ሆኖ ከኩሬው ርቆ ይቆምና «አስቴር፣ ግቢና እይልኝ» ይለኛል። ደግሞ የሱሉልታ ብርድ ለቆሮሶ አይሆንም። ቆሮሶ ያልኳችሁ ያ ሆቴል ሁሉ የሚጠብሰው ዓሣ ነው፤ ሙቀት ይወዳል። ክረምት ሲገባ ሜዳው በሙሉ ውሃ ይተኛበታል፣ የኔ ዓሣ ግን ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ኦቦ ደበላ የሚባሉ ገበሬ ኩሬያቸው ዳር ቆመው፣ «ልጄ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ግን ገና ዓሣውንም አላየሁት» ብለው አሳቁኝ።

ቡራዩም አንድ ወቅት ሠርቻለሁ፤ ገፈርሳ ግድብ ውስጥ ጫጩት እንጨምር ነበር። ጠዋት ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ወርዶ ውሃው ላይ ሲተኛ፣ ጀልባዋ የምትሄደው ውሃ ላይ ይሁን ሰማይ ላይ አይለይም። ድምፅ የለም። ከባልዲው ወደ ውሃው ጫጩቶቹን ስናፈስ ብቻ አንድ ሽው የሚል ነገር ይሰማል፣ ከዚያ ምንም። የዚያን ጊዜ ደሞዜ ስንት እንደነበር ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ጭጋጉን ግን አሁንም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ።

በመጨረሻ ሰበታ ገባሁ። እዚያ ካለው የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ ጡረታ እስክወጣ አልተነቃነቅኩም። ገመቹን ያገኘሁት እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ ከዓለም ገና ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ሽታዬን ሳይጠላ ጋቢና ያስቀመጠኝ የመጀመሪያው ሹፌር ስለሆነ አገባሁት።

አስተማሪዬን ዶክተር ሰብለንም ያገኘኋት ሰበታ ነው። ቤቷ ቡራዩ ነበር፤ በየቀኑ እየተመላለሰች ትሠራ ነበር። አንቱ ስላት ትቆጣለች። «አንቱ ባልሽኝ ቁጥር አንድ ጥርስ ይወልቅብኛል» ስለምትል አንቺ አልኳት። ዓሣ ከመንካቷ በፊት እጇን እስከ ክንዷ ታርሳለች፤ ደረቅ እጅ የዓሣን ቆዳ ያቃጥላል ትላለች። ቀጥሎ «ይቅርታ እመቤት» ትላለች፣ ለዓሣዋ! መጀመሪያ ቀን ስሰማ ዞር ብዬ ሰው የገባ መስሎኝ አየሁ። ማይክሮስኮፕ ላይ ስታጎነብስ ደግሞ በግራ እጇ የራሷን አገጭ ትይዛለች፤ ያየችው የተጣመመ መንጋጋ ከሆነ የራሷንም አገጭ ሳታውቀው ወደ ጎን ትገፋዋለች። አንድ ነገር ላሳያት ስሮጥ ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነው፦ «ያየሽውን ንገሪኝ፤ ያሰብሽውን ለራስሽ ያዥው።»

ሥራችን እንዲህ ነበር። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን የምትታቀፈው አፏ ውስጥ ነው። ልጆቿ ራሳቸውን እስኪችሉ እህል አትቀምስም፤ ከሰፈራችን ፆመኞች ሁሉ እሷ ትበልጣለች። ጉሮሮዋ ሥር ያለው ቆዳ ወጠር ይላል፣ አፏን ቀስ እያደረገች ታመነዥጋለች። እንቁላሎቹ እንዳይታፈኑ እያገላበጠቻቸው ነው። እጄን አርሼ በመረብ እይዛታለሁ፣ ጭንቅላቷን ሳህን ውሃ ውስጥ ዘቅዝቄ በአውራ ጣቴ የታች መንጋጋዋን ሳብ አደርገዋለሁ። ከዚያ ጠለቅ ቀና፣ ጠለቅ ቀና። እንቁላሎቹ ቢጫ ሆነው ከምስር ያነሱ ናቸው፤ እየተንከባለሉ ሳህኑን ይሞሉታል። ጉልበት የጨመርሽ እንደሆነ መንጋጋውን ትሰብሪዋለሽ፤ የፈራሽ እንደሆነ ትውጣቸዋለች። የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጠን ገልብጠን፣ ከሥር በጎማ ውሃ እንለቅበታለን። እንቁላሎቹ እዚያ ውስጥ እናታቸው አፍ ያሉ መስሏቸው ቀን ከሌት ይገላበጣሉ።

ጊዜው ሲደርስ ከተፈለፈሉት ጥቂቱን እንወስድና ሰማያዊ ቀለም እናጠጣቸዋለን፤ ቀለሙ ለስላሳውን አጥንት ብቻ ነው የሚይዘው። ከዚያ ግሊሰሪን ውስጥ ስናሳድራቸው ሥጋው እንደ መስታወት ይጠራል። ያን ጊዜ ማይክሮስኮፕ ስር የሚታየውን በምን ቋንቋ ልንገራችሁ? ሰውነት የሌለው ፊት ነው። የላይ መንጋጋ፣ የታች መንጋጋ፣ የጉሮሮ ቅስቶች፣ ሁሉም ሰማያዊ ሆነው ብርሃን ላይ ተንጠልጥለዋል። አንዳንዴ ሳይታወቀኝ ምሳ ሰዓት ያልፍብኝና ቀና ስል የጣቢያው ግድግዳ፣ ዛፉ፣ የዘበኛው የኦቦ ቶሎሳ ፊት፣ ሁሉም ሰማያዊ ሆኖ ይታየኛል።

ታዲያ በኩሬዎቻችን የታች መንጋጋቸው ያጠረና የተጣመመ ቆሮሶዎች መውጣት ጀመሩ። ገበሬው እንዲህ ያለውን ጫጩት አይወስድም፤ እርግማን አለበት ይላል። እኔም «ጠማማዋ» ስል ሰብለ አስቆመችኝ።

«ጠማማ አትበያት። መልእክት ያልደረሳት በያት።»

«የምን መልእክት?»

«አየሽ አስቱ፣ ፊት የሚሠሩት ሕዋሳት ፊት ላይ አይወለዱም። ከአንጎል ጀርባ ተነስተው እንደ ጅረት እየወረዱ ነው የሚመጡት። ሲደርሱ የላይ መንጋጋ ይሁኑ የታች አያውቁም። ከታች በኩል መልእክት ይመጣላቸዋል፤ ‹እናንተ የታች ናችሁ፣ ማጠፊያም ሥሩ› ይላቸዋል። ይህን መልእክት የሚያስልከው ዘረመል ነው። መልእክቱ ከደከመ የታቹም ራሱን የላይ ነኝ ብሎ ይሠራል። ያጥራል፣ ይጣበቃል።» ከዚያ ሳቀች። «እንደ ባልሽ ሚኒባስ ነው። ወያላው ‹ዓለም ገና ወራጅ!› ብሎ ካልጮኸ እንግዳው ሰው ተፍኪ ይደርሳል።»

ጣቢያው ውስጥ ግን ሁለት ወገን ነበር። አንዳንዶቹ ጥፋቱ የእጃችን ነው ይሉ ነበር፤ እንቁላሉን ከእናቱ አፍ አውጥተን በጠርሙስ ስለምናሳድግ ፊቱ ይበላሻል፤ ተፈጥሮን ነክተናል። ሰብለ ደግሞ አይ፣ ከዘሩ ነው ትላለች። ለማወቅ አንድ መንገድ አበጀች። ለእያንዳንዷ እናት የራሷ ገንዳ ተሰጣት። የእያንዳንዷን እንቁላል ለሁለት ከፍለን ግማሹን ለራሷ መለስንላት፣ ግማሹን በጠርሙስ አደረግን። ጥፋቱ የእጃችን ከሆነ መንጋጋቸው የተጣመመው የጠርሙሶቹ ልጆች ይሆናሉ፤ የዘሩ ከሆነ በሁለቱም ወገን እኩል ይወጣሉ። ይኸው ነው።

ለሰብለ ይህ የሙያ ጥያቄ ነበር። ለኔ ግን የሆዴ ጥያቄ ነበር። ልጄ ሌሊሴ ስትወለድ ከንፈሯና ላንቃዋ ተሰንጥቆ ነው የተወለደችው። ጡት መያዝ አቃታት፤ ወተቱ በአፍንጫዋ ይመለስ ነበር። አማቴ አዴ ጂፋሬ አራስ ቤት ገብተው ልጅቷን ገልጠው አዩአት። ከዚያ «ከእናት አፍ ልጅ የሚነጥቅ እጅ ዕዳውን በልጁ አፍ ይከፍላል» ብለው ወጡ።

አንድ ጊዜ ነው የተናገሩት፤ ሁለተኛ አልደገሙትም። ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ልጅቷ አዲስ አበባ ወስደናት ተሰፋላት፣ በላች፣ አደገች፣ ከንፈሯ ላይ ጠባሳ ብቻ ቀረ፤ ስታወራም ድምጿ ትንሽ በአፍንጫዋ ይወጣል። እሳቸው ክፉ ሴት አልነበሩም። ያጥቧታል፣ ያጎርሷታል። ብቻ ፊት ለፊት አያዩአትም ነበር፤ ሲያናግሯትም ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው። እኔ ደግሞ ጣቢያ ገብቼ የእያንዳንዷን ቆሮሶ አፍ በከፈትኩ ቁጥር ያ ቃል እጄ ላይ ይቀመጣል። ለሰብለ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? የተማረች ሴት ናት፤ ትስቅብኛለች ብዬ ፈራሁ። ጠርሙሶቹ ይናገሩልኝ ብዬ ጠበቅሁ።

የማስተር ፕላኑ ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው። አዲስ አበባ ሰፍታ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን ልትጠቀልል ነው ተባለ። ለአማቴ ነገሩ ወሬ አልነበረም። የጤፍ ማሳቸው ፉሪ ጋራ ሥር ነበር፤ ከዚያ በፊትም እየተቆረሰ እየተቆረሰ ቤት በቅሎበት እሳቸው እኛ ዘንድ ገብተዋል። ወጣቱ ወጣ። ጎማ ተቃጠለ፣ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ተኩስ ተሰማ። በሰፈራችን ልጁ ወጥቶ ያልተመለሰለት ቤት አለ፤ በዚያ በር ሳልፍ አሁንም ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ዓለም ገና ላይ መንገዱ የተዘጋ ዕለት መብራትም ጠፋ። ውሃ የሚገፋው ሞተር ቆመ። ጄነሬተሩ የነበረችውን ናፍጣ ጨረሰና ተንተፋትፎ ዝም አለ። ጣቢያው ውስጥ እኔና ኦቦ ቶሎሳ ብቻ ነበርን። ያን ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። በጠርሙሶቹ ውስጥ ሲገላበጡ የነበሩት እንቁላሎች ቀስ፣ ቀስ እያሉ ወርደው ታች ተከመሩ።

ኦቦ ቶሎሳ በባልዲ እያመጡ፣ እኔ በጣሳ ከላይ እያፈሰስኩ፣ በላባ እያማሰልኩ ቆየን። አንዱን ሳማስል ሌላው ይታፈናል። ሰብለ ከቡራዩ ደወለች።

«መንገድ የለም፣ አስቱ። በሁሉም በኩል ዘግተውታል። ምን ይታይሻል?»

«ውሃው ቆሟል። ተደራርበዋል። አንዳንዶቹ ነጭ መሆን ጀምረዋል።»

«መንጋጋው ወጥቷል?»

«ገና ነው። ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው።»

መንጋጋው ወጥቶ ቢሆን መድኃኒት ውስጥ ነክረን እናስቀምጣቸው ነበር፤ ሞተውም ይመልሱልን ነበር። ገና ነው ማለት ግን ከሞቱ በከንቱ ነው ማለት ነው። እሷም ገባት መሰለኝ። «እንግዲህ…» አለች፣ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይሠራም።

ኦቦ ቶሎሳ ባልዲያቸውን አስቀምጠው «ኢጆሌን እየሞተች ነው፣ አስቴር» አሉኝ። ኢጆሌ ማለት ልጆች ማለት ነው። እንቁላል አላሉም። ከጠርሙሶቹ ማዶ እናቶቹ በየገንዳቸው ውስጥ ግማሽ ልጆቻቸውን በአፋቸው ይዘው ቀስ ብለው ያመነዥጋሉ፤ ለእነሱ መብራት ጠፋ አልጠፋ ምናቸውም አይደለም። አየኋቸው። ከዚያ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ነቅዬ የእናቱ ገንዳ ውስጥ ቀስ ብዬ ገለበጥኩት። መጀመሪያ ራቀች። ከዚያ መጣች፣ አንዱን አነሳች፣ ሁለተኛውን አነሳች፣ እየዞረች ለቀመቻቸው። ጉሮሮዋ አበጠ። አለቀስኩ፤ ከደስታ ይሁን ከሌላ አላውቅም። ሁሉንም እንዲሁ አደረግሁ። የመጨረሻውን ስገለብጥ የማን እጅ የማንን ፊት እንዳበላሸ የሚነግረኝ ነገር አብሮ እንደጠፋ አውቄዋለሁ። የጠርሙሱ ከአፉ ጋር ተቀላቅሏል፤ ከዚህ በኋላ የሚለያቸው የለም።

መንገዱ ሲከፈት ሰብለ መጣች። ባዶዎቹን ጠርሙሶች አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ዞረች።

«ለማን ሰጠሻቸው?»

«ለእናቶቻቸው።»

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ አገጯን ያዘች። «እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር» አለች። «እንዲሞቱ ትቼ እንደገና እጀምር ነበር። እንኳንም እኔ አልሆንኩ።» ሳቀች፣ ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ። እንደገና የሚጀመርበት በጀት እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

ያን ጊዜ አልቻልኩም፤ ፈነዳሁ። የሌሊሴን ነገር፣ የአማቴን ቃል፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። «ጥያቄው የኔ ነበር!» አልኳት። ሰብለ አልሳቀችም። ብድግ ብላ በሁለት እጇ ፊቴን ያዘችው።

«አንቺ ሞኝ፣ ለምን እስከዛሬ ዝም አልሽኝ? የሰው ልጅ ፊት የሚሠራው ገና ማርገዝሽን ሳታውቂ ነው። ያ መልእክት ሲላክ አንቺን ያስፈቀደ የለም። እጅሽ ዓሣ ይያዝ ሽንኩርት ይላጥ፣ እሱ የራሱ መንገድ አለው።»

ጭንቅላቴ ሰማ። ሆዴ ግን አልሰማም። ሰብለ ብዙም ሳትቆይ ልታስተምር ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። ስትሄድ መንጋጋዋ ያጠረ አንዲት ትልቅ ቆሮሶ ለኔ ተወችልኝ። «እሷን አደራ» ብላኝ ነው የሄደችው።

ረብሻው በረድ ይልና እንደገና ይነሳ ነበር። ከነዚያ ቀኖች ባንዱ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ገመቹ መኪናውን ሊደብቅ ሄዷል፤ ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ጭስ አለ። አማቴና ሌሊሴ ብቻቸውን ቤት መቀመጥ ፈርተው በጓሮ መንገድ ጣቢያ ድረስ መጡብኝ። አዴ ጂፋሬ ያን ግቢ ከተሠራ ጀምሮ ረግጠውት አያውቁም ነበር። በር ላይ ቆመው ውሃውን ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

እኔ ጠርሙስ እያጠብኩ ነበር። ያቺ አደራ የተባልኳት ቆሮሶ እንቁላል ጥላለች። እንዲህ ሲሆን እንቁላሏን ቶሎ ከገንዳው ለቅሜ በጠርሙስ አሳድግላታለሁ። ሌሊሴ ሮጣ ገንዳው ላይ ተደፋች። አማቴም እየቀፈፋቸው ቀስ ብለው ቀርበው አጠገቧ ቁጭ አሉ።

ቆሮሶዋ ከታች አንድ እንቁላል ታነሳለች፤ በዚያ ባጠረው መንጋጋዋ በኩል ይወድቅባታል። ዞራ ትመጣለች፣ ታነሳለች፣ ይወድቃል። ሌላውን ታነሳለች፣ ይወድቃል። ውሃው ጥርት ያለ ስለነበር ሁሉም ይታያል። ከግንቡ ውጭ የሰው ጩኸት ይሰማል፣ እሷ ግን አልሰለቸችም።

«ምን ሆና ነው?» አሉ አማቴ።

«ልጆቿን አፏ ውስጥ ልትይዝ ነው፣ አዴ። መንጋጋዋ አጭር ነው፤ አይዝላትም።»

«ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?»

«ስትፈጠርም እንዲሁ ናት።»

አዴ ጂፋሬ አዩአት። እንቁላሉ እንደገና ሲወድቅ እጃቸው ሳያዝዙት ወደ ውሃው ሄዶ ተመለሰ። «ዋቃዮ!» አሉ። ከዚያ ሌሊሴን አዩአት፤ ከንፈሯን፣ ጠባሳዋን፣ ፊት ለፊት። ብዙ አዩአት። ልጅቷ አፍራ በእጇ አፏን ልትሸፍን ስትል እጇን ይዘው አወረዱት።

«ይቺስ» አሉ ወደ ገንዳው እያመለከቱ፣ «ይቺስ ከማን አፍ ነጥቃ ነው?»

ያን ሁሉ ዓመት ያጠናሁት መልስ ነበረኝ። ስለ ሕዋሳቱ ጅረት፣ ስለ መልእክቱ፣ ስለ ዘረመሉ።

«ከማንም» አልኩ።

ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሱ «አንቺስ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን። «እኔም ከማንም» አልኩ። «እኔም ከማንም አልነጠቅኩም፣ አዴ።» ጠርሙሱን እንደያዝኩ እንባዬ ወረደ፤ ልገታው ብል እምቢ አለኝ።

ሌሊሴ የአያቷን ነጠላ ጎተተች። «አኮ፣ እንቁላሎቹ ሊሞቱ ነው?»

አማቴ በአንድ እጃቸው ልጅቷን ወደ ጭናቸው ስበው፣ በሌላው ዓይናቸውን ጠርገው ተቆጡኝ።

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታለቅሻለሽ? ተቀበያት እንጂ! ልጆቿ ሊያልቁ ነው እኮ!»

ጠርሙሱን ሌሊሴን አስያዝኳትና እንቁላሎቹን ከቆሮሶዋ ተቀበልኳት።